ዲ.ኤን.ኤ. ስለ ዘራችን ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?



ባለፈው ወር አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። መነሻው አሜሪካ የሚኖር የአንድ ጓደኛችን አጎት ነው። ሰውየው ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ለአንድ ኩባንያ በፖስታ ይልካል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ከዘርህ ይህን ያህል በመቶው ከዚህ ሕዝብ፣ ይህን ያህል በመቶው ከዚያ ሕዝብ ነው» የሚል መልስ ይመጣለታል። ይህ እንኳ ባልከፋ። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ሌላ ምራቅ ሳይቀበል ፐርሰንቱን ለወጠበት!

«ታዲያ አጎትህ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘሩን ቀየረ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ግን ጎራ ተለየ። ገሚሱ «ሳይንስ አይዋሽም» አለ። ገሚሱ «ገንዘብ መልቀሚያ ነው» አለ። አንዱ ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ የእኛ ቤት ቢመረመር ንጹሕ ደም ነው የሚገኘው» ብሎ ደረቱን ነፋ።

እኔ ያን ማታ ብዙ አልተናገርኩም። ለምን ብትሉ፣ «ንጹሕ ደም» የሚለው ቃል በእኛ ቤት የቆየ ቁስል ይነካል። ይህን በመጨረሻ አነሣዋለሁ። በማግሥቱ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያልገባኝንም የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅሁ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣብናልና፣ የተረዳሁትን ለሁላችንም እንዲጠቅም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ከበረት እንጀምር

በአርሲ ደጋ ያደገ ሰው ስለ ዘር ፐርሰንት ከመጽሐፍ በፊት ከበረት ይማራል። ስለ ድቅል ላም ሲወራ «ሃምሳ ፐርሰንት ናት»፣ «የእነ እገሌ ጊደር ሰባ አምስት ገብታለች» ይባላል። ይህ አነጋገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ እዚህ አሰላ ላይ የአገሩን ላም ከፍሪዥያን ዘር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬው ያከፋፍል ነበር። የእነዚህን ድቅሎች ምርት የሚመለከት የጥናት ዘገባም ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትሟል። ፐርሰንቱ እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በገበሬው አፍ ገብቶ ቀረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአርሲ ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ብትወልድ ጥጃዋ 50 በመቶ ፍሪዥያን ናት። ያቺ ጥጃ አድጋ እንደገና ከፍሪዥያን ብትወልድ ልጇ 75 በመቶ ትሆናለች። ከአገሩ ኮርማ ብትወልድ ግን ልጇ ወደ 25 በመቶ ትወርዳለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልዩነት አለ። ሃምሳው ቁርጥ ነው፤ ጥጃዋ ከእናቷም ከአባቷም እኩል ግማሽ ትወስዳለችና። ሰባ አምስቱ ግን አማካይ እንጂ ቁርጥ አይደለም። ላም 30 ጥንድ ክሮሞሶም አላት፤ እኛ ሰዎች 23 ጥንድ አለን። እናት ለልጇ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ስታወርስ፣ የአያቶች ድርሻ እንደ ካርታ እየተበወዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት ጥጆች አንዷ ከ75 ትንሽ ከፍ፣ ሌላዋ ትንሽ ዝቅ ልትል ትችላለች። በሰውም እንዲሁ ነው። ከእናታችን አባት «ሩብ ወስደናል» የምንለው በግምት ነው፤ ወንድምና እህት እንኳ ከአንድ አያት እኩል አይወስዱም።

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል። መዝገብ ከሌለስ? ኮርማው የማን እንደሆነ ካልታወቀስ? ያን ጊዜ ነው ዲ.ኤን.ኤ. የሚጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የአርሲን፣ የቦረናን፣ የሆሮን፣ የአምቦንና የደናክልን ከብቶች ዲ.ኤን.ኤ. ሃንዉ ከተባሉት የኮሪያ ከብቶች ጋር አነጻጽሯል። «አነጻጽሯል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት።

2. ምንድን ነው የሚነጻጸረው?

በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. በአራት ፊደሎች እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይቆጠራል። ፊደሎቹ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ይባላሉ። ከአንድ ወላጅ የምንወርሰው ብቻ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። የማናቸውም ሁለት ሰዎች ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢደረግ በአማካይ ከ1,000 ፊደል አንዱ ቢለያይ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

በነዚህ ጥቂት የልዩነት ቦታዎች ላይ አንዱ ፊደል በአንድ ሕዝብ ዘንድ በብዛት፣ በሌላው ዘንድ በጥቂቱ ይገኛል። «በአንዱ ዘንድ ብቻ ይገኛል» እንዳላልኩ ልብ በሉ። የአማራ ፊደል፣ የኦሮሞ ፊደል፣ የጣልያን ፊደል የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ በአብዛኛው የብዛትና የማነስ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያሰላ፣ ከሰው ልጅ የዘር ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ አባላት መካከል እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል እንዳልሆነ አሳይቷል።

3. በጣሳና በቦሎቄ እናስተምረው

ይህን ለ7ኛ ወይም ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አራት ጣሳ፣ ነጭና ቀይ ቦሎቄ ይበቃል።

በጣሳ «ሀ» ውስጥ 20 ቀይና 80 ነጭ፣ በጣሳ «ለ» ውስጥ 80 ቀይና 20 ነጭ አድርጉ። እነዚህ ማነጻጸሪያዎቻችን ናቸው። በሌላ ጣሳ ውስጥ ደግሞ ከየት እንደመጣ ለተማሪው ያልተነገረ 100 ፍሬ አስቀምጡ፤ ይህ የምርመራ ጣሳ ነው። ተማሪዎቹ ሲቆጥሩ 35 ቀይ አገኙ እንበል። ይህ ቅልቅል ስንት እጁ ከ«ለ» መጣ?

ሁሉም ከ«ሀ» ቢሆን ኖሮ 20 ቀይ ይገኝ ነበር፤ ሁሉም ከ«ለ» ቢሆን 80። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 60 ነው። የእኛው 35 ከ20 የሚበልጠው በ15 ነው። 15 ለ60 ሲካፈል ሩብ ይሆናል። ስለዚህ መልሱ «25 በመቶው ከ«ለ» ነው» ይሆናል።

አሁን ጣሳ «ለ»ን ከጠረጴዛው ላይ አንሡና በምትኩ ጣሳ «ሐ»ን አስቀምጡ። በ«ሐ» ውስጥ 50 ቀይና 50 ነጭ አለ። ያንኑ ሒሳብ እንደገና አስሉ። በ«ሀ» እና በ«ሐ» መካከል ያለው ርቀት 30 ነው። 15 ለ30 ሲካፈል ግማሽ ይሆናል። መልሱ «50 በመቶው ከ«ሐ» ነው» ሆኖ ይመጣል።

እንዴ? ከምርመራው ጣሳ ውስጥ እኮ አንድም ፍሬ አልተነካም! የተለወጠው ማነጻጸሪያው ብቻ ነው። የጓደኛችን አጎትም የደረሰበት ይኸው ነው። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ ማነጻጸሪያዎቹን ስላበዛና ስለለወጠ መልሱ ተለወጠ። ሰውየው ያው ሰውየው ነው። ኩባንያው ዋሽቷል ማለትም አይደለም፤ ግምቱን አሻሽሎ ይሆናል። ስሕተቱ የሚመጣው ግምቱን እንደ ደም ምስክርነት ስንወስደው ነው።

በእርግጥ እውነተኛው ሥራ በአንድ ቀለም ብቻ አይሠራም። አንድ ቀለም በቀላሉ ያታልላል። ከምርመራው ጣሳ 10 ፍሬ ብቻ ዘግናችሁ ብትቆጥሩ መልሱ በየጊዜው ሲዋዥቅ ታያላችሁ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የልዩነት ቦታዎችን ያነብቡና «የትኛው ቅልቅል ይህንን ሁሉ ቢያስገኝ ይሻላል?» ብለው ኮምፒዩተር ያስሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስትራክቸርና በ2009 የወጣው አድሚክስቸር የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው።

4. ጣሳው ከጠረጴዛው ላይ ከሌለስ?

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። በቂ የሆነ ማነጻጸሪያ ሳይኖር «ከነዚህ አከፋፍለህ አምጣ» የተባለ ፕሮግራም «አላውቅም» አይልም። ካሉት ጣሳዎች ውስጥ የሚቀርበውን ይዞ መቶ እስኪሞላ ያከፋፍላል።

ለምሳሌ «የአንድ ሺህ ጄኖም ፕሮጀክት» የተባለው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጠናቀቅ ከ26 ሕዝቦች የተውጣጡ የ2,504 ሰዎችን ዲ.ኤን.ኤ. ለዓለም ተመራማሪዎች አቅርቧል። ከ26ቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ሕዝብ አንድም አልነበረም። ከምሥራቅ አፍሪካ የተካተቱት የኬንያ ሉህያዎች ብቻ ናቸው። እንግዲህ አንድ የሳጉሬ ወይም የበቆጂ ልጅ በዚህ ማነጻጸሪያ ብቻ ቢመዘን፣ ኮምፒዩተሩ ገሚሱን ከሉህያ፣ ገሚሱን ከጣልያን ቱስካኒ ሰዎች እያዋጣ ሊሞላለት ይችላል። ልጁ ግን ኬንያም ጣልያንም ዘመድ የለውም። መልሱ «ከጠረጴዛው ላይ ካሉት ለማን ትቀርባለህ?» ለሚለው ጥያቄ ነው እንጂ «ማን ነህ?» ለሚለው አይደለም።

5. በአገራችን ምን ተገኘ?

ደግነቱ፣ ኢትዮጵያን ራሷን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡ ጥናቶች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ ከአሥር የኢትዮጵያና ከሁለት የጎረቤት ሕዝቦች የተውጣጡ 235 ሰዎችን መርምረዋል። ባገኙት ውጤት የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ተቀራርበው በአንድ ስብስብ ውስጥ ተገኙ። ከነዚህ ሰዎች ዲ.ኤን.ኤ. ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር የሚመሳሰል ሆነ። መቀላቀሉም ከ3,000 ዓመት በፊት ገደማ እንደሆነ ገመቱ።

በጣሳው ምሳሌ ስናየው አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከመቀላቀሉ በፊት የነበረው የአገራችን ሰው ምን ይመስል ነበር? የዛሬውን ሰው ብቻ ይዘን ይህን ማወቅ ያስቸግራል። በጋሞ ደጋ በሚገኘው ሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው አጽም ታላቅ ዋጋ ያገኘው ስለዚህ ነው። ሰውየው ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሲሆን «ባይራ» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። የአጽሙ ዲ.ኤን.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲታተም ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጄኖም ሆነ። ከመቀላቀሉ በፊት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ያልተነካ ማነጻጸሪያ ጣሳ እንደማግኘት ነበር። ከዛሬ ሕዝቦች መካከልም አሪዎች ይበልጥ ይቀርቡታል።

ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ «ከአውሮፓና ከእስያ የተመለሰው ዘር እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ተሰራጭቷል» የሚል አሳብ ነበረበት። ዓለም ሁሉ አወራው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ደራሲዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። የባይራን መረጃ ከዛሬ ሕዝቦች መረጃ ጋር ሲያዋሕዱ አንድ የመቀየሪያ ፕሮግራም ሳያስኬዱ ቀርተዋል። በዚህም ምክንያት ባይራ ከመደበኛው የሰው ጄኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች እንደጠፋ መረጃ ተቆጥረው ወድቀው ነበር። ከጣሳው ውስጥ ነጩን ቦሎቄ ሳይቆጥሩ እንደማስላት ነው። ሲስተካከል ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው እንዳለ ጸና፤ የናይጄሪያ ዮሩባዎችንና የኮንጎ ምቡቲዎችን በሚመለከት የተባለው ግን ተነሣ።

ጓደኞቼ፣ ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ ይህ እርማት ትልቅ ትምህርት ነው። «ሳይንስ አይዋሽም» ያለው ጓደኛችን ይህን ይያዝ፤ ሳይንስ ይሳሳታል። «ገንዘብ መልቀሚያ ነው» ያለውም ይህን ይያዝ፤ የተሳሳቱት ሰዎች በስማቸው ፈርመው አርመዋል። እኛስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንሳሳት ተማሪ ፊት እንዲህ እናርማለን ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ68 የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን አካትቷል። በጠቅላላው ሲታይ ቋንቋቸው የሚቀራረብ ሕዝቦች በዲ.ኤን.ኤ.ም ይቀራረባሉ። ነገር ግን ቋንቋቸው እጅግ የሚራራቅ ሆኖ በዲ.ኤን.ኤ. የተቀራረቡም ተገኝተዋል፤ በቅርብ ዘመን ስለተቀላቀሉ ሊሆን ይችላል ተብሏል። ተመሳሳይ ባህል ያላቸውም በአማካይ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። በአጭሩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋብቷል። ይህን ለማወቅ የአሰላን ገበያ ማየትም ይበቃል።

6. ሰባት ቤት ስንቆጥር

በአማራው ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በኦሮሞውም ልጅ አባቶቹን እየቆጠረ ያድጋል። እኔም ሰባቱን አባቶቼን በቃሌ አውቃለሁ። ግን ሒሳቡን ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ወላጆቻችን 2፣ አያቶቻችን 4፣ ቅድመ አያቶቻችን 8 ናቸው። እንዲህ እያልን ሰባተኛው ትውልድ ላይ ስንደርስ በዚያ ትውልድ ብቻ 128 ሰዎች አሉ። ሁሉም ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። ከነዚህ ውስጥ በአባት መስመር የምንጠራው 7 ስም ብቻ ነው። የቀሩት 247ቱም ወላጆቻችን ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ነው የጠፋው።

ከብቶቻችን ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። የአፍሪካ ከብቶች ሻኛ ያላቸውም ቢሆኑ በእናት መስመር ብቻ ሲመረመሩ ሻኛ ከሌላቸው ከብቶች ወገን ሆነው ይገኛሉ። ሻኛው በአብዛኛው ከእስያ በመጡ ኮርማዎች በኩል የገባ ነው። እንግዲህ አንዱን መስመር ብቻ ይዞ «ዘሬ ይህ ነው» የሚል ሰው ከ254 ሰው ጥቂቱን ቆጥሮ መሄዱ ነው። «ንጹሕ ደም» ላለው ጓደኛችን መልሴ ይኸው ነው።

7. የእኛ ቤት ጉዳይ

አሁን ቃል ወደገባሁት ልመለስ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የተወለዱት ከመንዝ መጥተው አርሲ ከሰፈሩ ሰዎች ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ባንድ ሰሞን በበሽታ አለቁ። ጎረቤት የነበሩት አርሲ ኦሮሞ አባወራ በሽማግሌ ፊት በጉዲፈቻ ወሰዷቸው። ስም ሰጧቸው፣ ዳሯቸው፣ መሬትም አካፈሏቸው። ስለዚህ እኔ ሰባት አባት ስቆጥር ከሦስተኛው ስም ጀምሮ ያሉት ያሳደጉን እንጂ በሥጋ የወለዱን አይደሉም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የድንበር ክርክር ተነሥቶ አንድ ዘመድ አባቴን «አባትህ እኮ የዚህ ጎሳ ደም የለውም» አለው። አባቴ መልስ አልሰጠም። የቀረበለትን ምሳ ትቶ ወደ ማሳ ወጣ። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ግን ስለ ደም የጠየቀ አልነበረም። «ማን አሳደገው? ማንስ ምስክር ነበር?» ብለው ጠይቀው በዚያው ቋጩት። ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ ተነሥቶ የአገራችን የሕግ ቃል እስከመሆን የደረሰ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ወላጅ ልጅ ይቆጥረዋል።

ባለፈው እረፍት ቤት ስሄድ አያቴን «አካኮ፣ በምራቅ ዘር የሚለይ ምርመራ አለ። እርስዎ ቢመረመሩስ?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ያሳደገኝን ሰው ስም በምራቅ ልትፈልግ ነው?» አሉኝ። ቆየት ብለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእናቴን ወንድሞች ልጆች ባገኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

ያነበብኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይህን ለመመለስ ነው። ፐርሰንቱ ለአካኮ ምንም አይሠራላቸውም። አማራና ኦሮሞ እጅግ የሚቀራረቡ ስለሆኑ በሩቅ ማነጻጸሪያ የሚሠራ ምርመራ ከማን ቤት እንደወጡ አይነግራቸውም። ሌላ ዓይነት ንጽጽር ግን አለ። እሱ ሰውን ከሕዝብ ጋር ሳይሆን ሰውን ከሰው ጋር የሚያነጻጽር ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ረጃጅም የሆኑ አንድ ዓይነት የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች ይጋራሉ። የእናታቸው ወንድም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አንድ ቀን በዚያው መዝገብ ከተመዘገበ ሊገናኙ ይችላሉ። ካልተመዘገበ ግን ማንም መሣሪያ አያገናኛቸውም።

ማጠቃለያ

እጩ መምህራን ሆይ! ተማሪ «ቲቸር፣ እኔ ስንት ፐርሰንቴ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ሦስት ነገር እንመልስለት።

ሀ) ፐርሰንቱ የመመሳሰል ልክ ነው። ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ሳይነገር ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ለ) ማነጻጸሪያው ሲለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ «ጠረጴዛው ላይ እነማን ነበሩ?» ብለህ ጠይቅ።

ሐ) ማን እንዳሳደገህ፣ በማን ቋንቋ እንዳለቀስክ፣ በማን ማዕድ እንደበላህ በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ አልተጻፈም።

ጣሳና ቦሎቄውን በሚመጣው የማስተማር ልምምድ ሳምንት ይዤ እቀርባለሁ። ሒሳቡ ላይ የተሳሳትኩት ካለ መምህራንም ጓደኞቼም አርሙኝ፤ እርማቱን በዚሁ ግድግዳ ላይ በስሜ እለጥፋለሁ።

ከአንድ እጩ መምህር